ደንቡን የሚጠብቀው ማን ነው?
(ስለ ጨዋታና ስለ መዝናኛ ክፍላችን)

«ጨዋታ የሰነፍ ተማሪ ሥራ ነው» የሚለውን ምክር ከስንቁ ጋራ ተሸክሞ ወደዚህ ግቢ ያልመጣ ተማሪ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው አራት የአንድ መኝታ ቤት ተማሪዎች ግን አንባቢ ወሬውን ከሌላ ከሚሰማ ብለን ኃጢአታችንን ከመነሻው እንናዘዛለን፤ ጨዋታ ወዳዶች ነን። ዳማም ይሁን ቼዝ፣ ገበጣም ይሁን ካርታ፣ በፕሌይስቴሽንም ይሁን በስልክ፣ ካገኘን አናልፍም። አንዱ ባልደረባችን በፈተና ዋዜማ ቴትሪስ ሲጫወት ነግቶበት ያውቃል፤ ስሙን እንዳናነሣ ስለ ለመነን አናነሣውም።

ይሁን እንጂ ዛሬ ብዕር ያነሣነው ለኑዛዜ ብቻ አይደለም። አንባቢ እንደሚያውቀው ከምግብ አዳራሹ ጀርባ ያለችው የመዝናኛ ክፍላችን ዕጣዋ በሚመጣው የማኅበሩ ስብሰባ ሊወሰን ነው። የቀረቡት ሐሳቦች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ክፍሏ ለአንድ ነጋዴ ተከራይታ፣ አሮጌዎቹ ጠረጴዛዎች ወጥተው በምትካቸው ስክሪንና ፕሌይስቴሽን ገብቶ፣ ተማሪው በሰዓት እየከፈለ እንዲጫወት፣ ማኅበሩም ኪራይ እንዲሰበስብ ነው። ሁለተኛው፣ ጨዋታ ለተማሪ ስለማይገባ ክፍሏ የንባብ ክፍል ትሁን የሚል ነው። የመጀመሪያውን ያቀረቡት ስለ ማኅበሩ ካዝና የሚያስቡ፣ ሁለተኛውን ያቀረቡት ስለ ጠባያችን የሚያስቡ ወንድሞችና እኅቶች ናቸው። ሁለቱንም እናከብራለን፤ ከሁለቱም ጋራ ግን አንስማማም።

በቅድሚያ ስለ ጠባያችን ለሚጨነቁት መልስ እንስጥ። «ጨዋታ አእምሮን ያሰላል፣ ሒሳብ ያስተምራል፣ ትዕግሥት ይሰጣል» የሚል መከላከያ ማቅረብ እንችል ነበር። አናቀርብም። ሒሳብ ለመማር የሒሳብ መጽሐፍ አለ። ዳማ ላይ የምንቀመጠው ዳማ ስለምንወድ ነው፤ ምክንያቱን እንደ መድኃኒት ማዘዣ ማስጌጥ ራስን ማታለል ይመስለናል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። በቋንቋችን «ጨዋታ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጕም አለው። አንዱ ኳሱ፣ ገበጣው፣ ካርታው ነው። ሌላው ወግ ነው። እንግዳ ቤታችን ገብቶ ዝም ሲል ባለቤቷ «ኧረ ተጫወቱ!» ትላለች፤ ካርታ አውጡ ማለቷ አይደለም፣ አውሩን ማለቷ ነው። ደስ የሚል ሰውን «ጨዋታ ያውቃል» ስንል በእግር ኳስ ጎበዝ ነው ማለታችን አይደለም። ይህን ቃል ያወረሱን ሰዎች መጫወትና መነጋገር አንድ ገበታ ላይ የሚቀርቡ ነገሮች መሆናቸውን ያውቁ ነበር። እኛም ከዚህ በታች ስለ ልዩ ልዩ ጨዋታዎች ፍርድ ስንሰጥ መለኪያችን ይኸው ነው፤ ጨዋታው ሲያልቅ የምንነጋገረው ነገር ይተርፈናልን?

ከኳሱ እንጀምር። ከግቢው በር ወጣ ብሎ ባለው ፕሌይስቴሽን ቤት ያልተቀመጠ ወንድ ተማሪ ጥቂት ነው፤ እኅቶቻችንም መግባት ጀምረዋል፤ ከመካከላችን ሁለቱን አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በተራ በተራ አሸንፋ በእግራቸው ሸኝታቸዋለች። ጨዋታው ከ1993 ጀምሮ «ፊፋ» በሚል ስም ይወጣ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በኋላ አዘጋጁ ኩባንያና የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ስላልተስማሙ ከ2023 ወዲህ ስሙ ተለውጦአል፤ በኛ ሰፈር ግን ለውጡን የተቀበለ የለም፣ ዛሬም የሚባለው «ፊፋ እንግጠም» ነው። የኛ አስተያየት እንዲህ ነው፤ በየዓመቱ የሚወጣው አዲሱ እትም ከአምናው የሚለየው ይበልጡን በተጫዋቾች ዝውውርና በማልያ ስለ ሆነ አሮጌውን ይዞ የሚቈይ ቤት ብልህ እንጂ ኋላ ቀር አይደለም። ጨዋታው ራሱ ግን ጥሩ ነው። ለምን ቢባል፣ ሁለቱ ተጋጣሚዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይቀመጣሉ፤ ከኋላቸው ተራ የሚጠብቁ አምስት ስድስት ሰዎች እያንዳንዷን ኳስ ይተቻሉ፤ የተሸነፈ ይነሣል፣ ያሸነፈ ይቈያል፤ ወደ ግቢ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስለዚያች ስለ ተሳተች ፍጹም ቅጣት ምት እንከራከራለን። ይህ ከዛፍ ጥላ ሥር በቆርኪ ከሚጫወቱት ዳማ በምን ይለያል? መብራት ከመፈለጉ በቀር በምንም። ስለዚህ የስክሪን ጠላቶች ናችሁ ብሎ ሊከሰን የተዘጋጀ ሰው ካለ ክሱን ያንሣ።

በአንጻሩ ሉዶን እንመልከት። ሉዶ ፓቺሲ ከተባለው የሕንድ ጨዋታ ተወስዶ በ1896 በእንግሊዝ አገር ፓተንት የወጣለት የድሮ ጨዋታ ነው፤ አሁን በየስልካችን ገብቶአል። በካርቶን ሲጫወቱት እንደ ሉዶ የሚያስጮኽ የለም። ዳይሱ ከጠረጴዛ ወደቀ፣ ይደገም፣ አይደገም፤ ጠጠርህ አንድ ቤት ዘላለች፣ አልዘለለችም፤ ጎረቤት መኝታ ቤት ግድግዳ እስኪደበድብ ድረስ ነው። በስልክ ሲሆንስ? ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ አራታችንም ሉዶ እየተጫወትን ነበር፤ ነገር ግን በአራት አልጋ ላይ ተጋድመን፣ እያንዳንዳችን ከማናውቃቸው ሦስት ሰዎች ጋራ። ክፍሉ እንደ ቤተ መጻሕፍት ጸጥ ብሎ ነበር። አንዱ ቢያሸንፍ ማን ሊያውቅለት? እንግዲህ አንድ ዓይነት ጨዋታ፣ አንድ ዓይነት ደንብ፣ ግን ጨዋታነቱ ከውስጡ ወጥቶ የሄደ። ስለዚህ ጥያቄው ስክሪን ወይስ ሰሌዳ የሚል አይደለም። ጥያቄው አጠገብህ ማን ተቀምጦአል የሚል ነው።

ሰሌዳ ሁሉ ደግሞ ይወደዳል ማለት አይደለም። ሞኖፖሊን እንውሰድ። የዚህ ጨዋታ ታሪክ ከጨዋታው ይበልጥ ያስደስታል። ሊዚ ማጊ የተባለች አሜሪካዊት በ1904 «የባለ መሬቱ ጨዋታ» ለተባለ ፈጠራዋ ፓተንት አወጣች። ዓላማዋ መሬትን በጥቂቶች እጅ መከማቸቱ ሌላውን እንዴት እንደሚያደኸይ በጨዋታ ለማሳየት ነበር። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሲለዋወጥ ቈይቶ በ1935 ፓርከር ብራዘርስ የተባለው ኩባንያ «ሞኖፖሊ» ብሎ ሸጠው፤ ለርሷ ፓተንት የተከፈላት 500 ዶላር ነበር። የመሬት ብዝበዛን ለመንቀፍ የተሠራው ጨዋታ በመሬት ብዝበዛ መደሰቻ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። በ1965 «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ የወጡት የአገራችን ተማሪዎች ይህን ጨዋታ ቢያዩት ምን ይሉ ይሆን? የዛሬው ሕገ መንግሥታችን መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ስለሚል እኛም በመኝታ ቤታችን የምንገዛው አገራችን ላይ ልንገዛው የማንችለውን ነው። ይህን ሁሉ ይቅር ብንለው እንኳ አንድ ጕድለቱን ይቅር አንለውም፤ ቀድሞ የከሰረው ተጫዋች ሌሎቹ እስኪጨርሱ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጣሪያ ሲያይ ይቀመጣል።

ከዚህ ይልቅ ካታን የተባለውን ወደነዋል። ከመካከላችን የአንዱ የአጎቱ ልጅ ከዋሽንግተን ለዕረፍት ሲመጣ በሻንጣው ይዞልን መጣ። ያወጣው ክላውስ ቶይበር የተባለ ጀርመናዊ ነው፤ ሙያው የጥርስ ቴክኒሺያን ነበር፤ ጨዋታው የታተመው በ1995 ነው። በካታን ተሸንፎ ከጠረጴዛ የሚነሣ የለም፤ ሁሉም እስከ መጨረሻው ይጫወታል። ደግሞም ማንም ሰው የሚያስፈልገውን ሁሉ ብቻውን አያገኝም፤ እንጨት ያለው ጡብ ይፈልጋል፣ ጡብ ያለው ስንዴ ይፈልጋል፤ ስለዚህ እየተከራከሩ መለዋወጥ ግድ ነው። መርካቶ ያደገው ባልደረባችን በዚህ ጨዋታ ተሸንፎ አያውቅም፤ ምክንያቱን አንባቢ ይገምተው።

ብቻውን የሚጫወት ሰው ይወገዝ ማለታችንም አይደለም። ቴትሪስን አሌክሴይ ፓጂትኖቭ የተባለ የሞስኮ ሳይንቲስት በ1980ዎቹ አጋማሽ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሠራው፤ ያለ ታሪክ፣ ያለ ጀግና፣ ያለ ጠላት፣ የሚወርዱ ጡቦች ብቻ። ጨዋታው ሐቀኛ ነው፤ አሸነፍህ ብሎ አይደልልህም፣ እስክትወድቅ ብቻ ይጠብቅሃል። በ2023 መጨረሻ አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ የድሮውን የኒንቴንዶ ቴትሪስ ኮምፒውተሩ ራሱ እስኪቆም ድረስ ተጫውቶ ከዚህ ደረጃ የደረሰ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ይህን ስናነብ ደስ ብሎን ነበር። ይሁንና ይህ ደስታ እንደ ጾም ነው፤ ለራስ የሚያዝ ነው። ለማኅበር ክፍል የሚሆን አይደለም።

ወደ ቼዝ እንለፍ። በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ጋሪ ካስፓሮቭን ሲያሸንፍ ቼዝ አበቃለት ያሉ ነበሩ። በ2016 ደግሞ አልፋጎ የተባለው ፕሮግራም ጎ በተባለው የእስያ ጨዋታ ሊ ሴዶልን 4 ለ1 አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው መሣሪያን አሸንፋለሁ ብሎ አይቀመጥም። ታዲያ ቼዝ ቆመ? አልቆመም። ሰው የሚቀመጠው ሰውን ሊገጥም እንጂ የዓለምን ምርጥ ስልት ሊያገኝ አልነበረምና። መኪና ከሰው ይበልጥ ስለሚሮጥ ሩጫ ያቆመ አትሌት አለን?

የኛ አገር ሰንጠረዥ ደግሞ ከአውሮፓው ቼዝ የሚለይበት ጠባይ ነበረው፤ ይህንንም ብዙ ተማሪ አያውቀውም። ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ትግራይን ሲጎበኝ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ጽፎአል። በዚህ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ጠጠራቸውን በፍጥነት ያሰልፋሉ፤ ይህም ወረራ ይባላል፤ ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። በመጨረሻም ንጉሡ የተያዘበት መንገድ እንደ ያዘው ጠጠር ክብሩ ይለያይ ነበር፤ ማሸነፍ ብቻ አይበቃም፣ እንዴት እንዳሸነፉም ይጠየቃል። ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊት የሚያሰልፉባቸው የኮምፒውተር ጨዋታዎች በ1990ዎቹ ሲወጡ ዓለም አዲስ ነገር ብሎ ተደነቀ። የኛ መኳንንት ግን በቀይ ጨርቅ ላይ ይህንኑ ሲጫወቱት ነበር። ይህን የምንለው ሁሉንም ነገር እኛ ጀመርነው ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ትምክህት አይጠቅመንም። የምንለው፣ የነበረንን ሳናውቅ አዲስ ነገር ስንከራይ እንዳንገኝ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት እንምጣ። ባለፈው ክረምት መግቢያ ሦስት ቀን መብራት ጠፋ። የስልኮቻችን ባትሪ በመጀመሪያው ማታ አለቀ። በሁለተኛው ማታ አንዱ ከምግብ አዳራሽ የእንቁላል ካርቶን አመጣ፤ ሠላሳ እንቁላል ከሚይዘው ላይ ሁለቱን ረድፍ ቈርጠን ስንጥል ባለ ሦስት ረድፍ፣ ባለ ዐሥራ ስምንት ጉድጓድ ገበጣ ሆነ። ለጠጠሩ ሽምብራ አገኘን። ሻማ አብርተን ተቀመጥን፤ ነገር ግን ልንጀምር አልቻልንም። አንዱ በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ይደረጋል አለ፤ ሌላው አራት አራት ነው አለ። አንዱ በነርሱ አገር ገበጣ ሁለት ረድፍ እንጂ ሦስት ረድፍ እንደሌለው ማለ። መጨረሻዋ ጠጠር ሰው ያለበት ጉድጓድ ስትገባ አንሥቶ መቀጠል ነው ወይስ ማቆም? በስተቀኝ ነው የሚዞረው ወይስ በስተግራ? አራታችን ከአገሪቱ አራት ማዕዘን የመጣን ስለ ሆንን አራት ገበጣ ይዘን መጥተናል ማለት ነው፤ እያንዳንዱም የራሱን ትክክለኛ፣ የሌላውን የተበላሸ አድርጎ ያይ ነበር።

በዚያ ክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ከሰላምታ በቀር ቃል ያልተናገረ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበር። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለ ሆነ እየተደናቀፈ መናገሩን ይፈራ ነበር፤ እኛም ሰነፎች ሆነን ኵራት መስሎን ነበር። ክርክሩ ሲበዛበት ከአልጋው ወርዶ ሽምብራውን በእጁ ሰበሰበ፤ በነርሱ ቀበሌ ከብት ሲጠብቁ መሬት ጭረው እንዴት እንደሚጫወቱት አሳየን። ቃል ሲያጥረው ጣቱ ይናገር ነበር። ቀጥሎ ሌላው የራሱን አሳየ፣ ሌላውም እንዲሁ። በመጨረሻም ከአራቱ ደንብ ጥቂት ጥቂት ወስደን በወረቀት ጻፍንና አራታችንም ፈረምንበት። ደንቡን መጻፍ ከጨዋታው ይልቅ ረዥም ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ተጫወትን፤ ዝምተኛው ወንድማችን ሦስታችንንም አሸነፈን። ዛሬ ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች አንዱ እርሱ ነው፤ ዝምተኛ ነበር ሲባልም ይሥቃል።

ይህን ያወራነው ለማስለቀስ አይደለም፤ አንድ ቁም ነገር ስላስተማረን ነው። ሰሌዳ ላይ ደንቡን የሚጠብቁት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። ከመጀመራቸው በፊት መስማማት አለባቸው፤ ክርክር ሲነሣ ዳኛው ከመካከላቸው ነው፤ ደንቡ ካልተመቻቸው ሊለውጡት ይችላሉ፣ ሁሉም ከተስማማ። ኮምፒውተር ግን ደንቡን ወስኖ ይመጣል። ለዚህም ምስጋና ይገባዋል፤ ክርክር ያስቀራል፣ ማጭበርበርንም ያግዳል። ነገር ግን ማጭበርበር በማይቻልበት ቦታ ሐቀኛውና አጭበርባሪው አይለዩም። ገበጣ ላይ አንዲት ሽምብራ በመዳፉ ሊደብቅ እየቻለ የማይደብቅ ጓደኛ ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ እናውቃለን። መተማመንን የምንለማመደው መተማመን በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ ነው። ነገ አብረን የምንኖርባት አገር ደግሞ ደንቧን ተነጋግረን የምንስማማባት እንጂ ከፋብሪካ ታሽጋ የምትመጣ አይደለችም።

ደንቡ በሌላ እጅ ሲሆን ምን እንደሚደርስ ሩቅ ሳንሄድ እንይ። ዩቢሶፍት የተባለው ኩባንያ በ2014 «ዘ ክሩ» የተባለ የመኪና ውድድር ጨዋታ ሸጠ፤ በመጋቢት 2024 መጨረሻ ሰርቨሩን ሲዘጋው ገንዘባቸውን ከፍለው የገዙት ሰዎች ሁሉ ጨዋታውን ማብራት እንኳ አቃታቸው። ከዚህ በተነሣው ቅሬታ የተሸጠ ጨዋታ እንዳይገደል ሕግ ይውጣልን ብለው በ2025 ከአንድ ሚሊዮን በላይ አውሮፓውያን ፈርመዋል። ገበጣን ሊዘጋው የሚችል ኩባንያ ግን አልተፈጠረም። ሌላም አለ። በብዙ ጨዋታዎች ውስጥ ምን እንደ ያዘ ሳይታወቅ በገንዘብ የሚገዛ ሣጥን ይሸጣል፤ የቤልጅግ መንግሥት በ2018 ይህ ቁማር ነው ብሎ ከልክሎታል። በየመንገዱ የስፖርት ውርርድ ቤት እየተከፈተ የወር ቀለባቸውን ያስረከቡ ጓደኞች ላሉን ለኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጨዋታ የተሸነፈው ሰው ወንበሩን ብቻ የሚያጣበት ነው። ቀለቡን የሚያጣበት ሲሆን ስሙ ሌላ ነው።

«ታዲያ ከኮምፒውተር ጨዋታ ሸሽተን ወደ ሽምብራ እንመለስ?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒውተር ጨዋታዎች አንዱን የሠሩት እኮ እንደኛ የዩኒቨርሲቲ ወጣቶች ናቸው። በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ በ1962 «ስፔስዋር» የተባለውን የሁለት መርከቦች የጠፈር ውጊያ ሠሩ። ብዙዎቹ የሞዴል ባቡር የሚሠራ የተማሪዎች ክበብ አባላት ነበሩ። ጨዋታው ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው የሚገጥሙበት ነበር፤ መቈጣጠሪያውን በገዛ እጃቸው ሠሩት፤ ፕሮግራሙንም አልሸጡትም፣ ለጠየቃቸው ሁሉ ሰጡት፤ የተቀበለውም እያሻሻለ ለሌላ አስተላለፈው። ያ ጨዋታ ስክሪን ላይ ቢሆንም በመንፈሱ ገበጣ ነበር፤ ደንቡ በተጫዋቾቹ እጅ ነበርና። በአገራችንም ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት «ኩኩሉ» የተባለውን የስልክ ጨዋታ ሠርቶአል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶአል። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎቻችን ከተከራይነት ወደ ሠሪነት የሚሻገሩበት መንገድ ተከፍቶአል ማለት ነው።

ካዝናውን ለሚያስቡ ወንድሞቻችን ደግሞ ይህን እንላለን። ኪራዩ ለማኅበሩ እንደሚጠቅም አንክድም፤ የስፖርት ቡድናችን ማልያ ማለቁንም እናያለን። ነገር ግን ኪራዩን የሚከፍለው በመጨረሻ ማን ነው? ነጋዴው ከኪሱ አይከፍልም፤ በሰዓት ከሚያስከፍለው ተማሪ ላይ ይሰበስባል። ኪሱ ባዶ የሆነው ተማሪ ግን ግድግዳ ተደግፎ የሌላውን ጨዋታ ያያል። ዛሬ በዚያች ክፍል ማንም ሰው አንዲት ሳንቲም ሳይዝ ገብቶ ሻምፒዮኑን «ተነሥ፣ ልግጠምህ» ማለት ይችላል። በዚህ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ እኩልነት የቀረበት ሌላ ክፍል ካለ ንገሩን።

ስለዚህ ለስብሰባው የሚከተለውን እናቀርባለን። አንደኛ፣ ክፍሏ ለማንም አትከራይ። ሁለተኛ፣ የተሰበረው ረዥሙ ጠረጴዛ ተጠግኖ፣ ሁለት ቼዝ፣ ሦስት ዳማ፣ ሁለት የእንጨት ገበጣ ይኑር፤ ገበጣውን ለአናጺ ብንሰጥ ዋጋው ብዙ አይደለም፣ ካልሆነም የእንቁላል ካርቶኑ አለን። ሦስተኛ፣ ማኅበሩ ከቻለ አንድ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን ከሁለት ጆይስቲክ ጋራ ራሱ ይግዛ፤ በተራ መዝገብ፣ ያለ ክፍያ፣ የተሸነፈ ይነሣ። አራተኛ፣ በክፍሏ ውስጥ በገንዘብ መጫወት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። አምስተኛ፣ ክፍሏ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ትዘጋ፤ በፈተና ሳምንት ደግሞ ጭራሽ አትከፈት፤ ይህ አንቀጽ ቴትሪስ ላነጋበት ባልደረባችንና ስለ ጠባያችን ለሚጨነቁት ስንል የገባ ነው። ስድስተኛውና ከሁሉ የምንወደው፣ አንድ ወፍራም ደብተር በክፍሏ ይቀመጥ፤ ማንኛውም ተማሪ የአገሩን የገበጣ ደንብ፣ የልጅነቱን የብይና የቅልብልቦሽ ሥርዐት፣ በሚችለው ቋንቋ ይጻፍበት። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 ስለ አገራችን ገበጣዎች ሰፊ ጥናት አሳትመው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ደግሞ እኛ ካልጻፍነው ማን ይጽፍልናል? ደብተሩ ሲሞላ ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች እናስረክበዋለን፤ የቀረውን እነርሱ ያውቁበታል።

ሐሳባችን ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። የሚቃወመን ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ ከመጻፉ በፊት ግን አንድ ማታ ወደ ክፍሏ ብቅ ይበል። ሽምብራው ተቈጥሮ ተቀምጦአል፣ ደንቡም ግድግዳው ላይ ተለጥፎአል፤ ካልተስማማው እናሻሽለዋለን። እስከዚያው ድረስ፣ ውድ አንባቢያን፣ እናቶቻችን ዝም ላለ እንግዳ የሚሉትን እኛም እንላችኋለን፤ ኧረ ተጫወቱ!